ለእናትም አራት ይድረሳት

ከግማሽ ኪሎ የዶሮ ሥጋ በቤት ውስጥ ስለሚጋገር ድቡልቡል

ቀን በሥራ ገበታዋ ላይ ውላ ማታ የቤቷን ጓዳ የምትቆጣጠር የከተማ እናት በየሳምንቱ ከምትፈታቸው ጥያቄዎች አንዱ የሥጋ ጥያቄ ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝታ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ እንዴት እንደምትሠራው ብቻ ሳይሆን ለማን ስንት እንደሚደርሰውም አብራ ታስባለች። ወጥ ተሠርቶ ገበታ ሲቀርብ ትልልቁ ቁራጭ ለአባወራው፣ ቀጥሎ ያለው ለእንግዳ፣ ከዚያም ለታላላቆቹ ልጆች ይደርስና ጥርሱ ያልጠናው ሕፃን መረቁን በእንጀራ ያጣቅሳል። እናቲቱ ግን ሁሉም ከበላ በኋላ የድስቱን ግርጌ በእንጀራ ጠርጋ፣ ምን በላሽ ብላ ለምትጠይቃት ልጅ "እኔ ጠግቤያለሁ" የሚል መልስ ትሰጣለች። ይህ በብዙ ቤት የሚታይ ስለሆነ እንደ ችግር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው።

የዶሮ ወጥማ ሥርዓቱ ከዚህም የጠበቀ ነው። ባለሙያ የምትባለው ሴት ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ ማውጣቷ የሚነገርላት ሙያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ብልት የየራሱ ክብርና የየራሱ ባለቤት አለው። በብዙ ቤት ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይቀርባል፤ ክንፍና አንገት ወደ ልጆች ይወርዳል። በዓል በመጣ ቁጥር ይህን ወግ መጠበቅ የሚያኮራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የዶሮ ወጥን ክብር ለመንካት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን የዓመቱ ቀን ሁሉ በዓል አይደለም። በዘወትር ማዕድ፣ በተለይም ሥጋው ትንሽ፣ ተመጋቢው ብዙ በሆነበት ቤት፣ እኩል የሚካፈል ምግብ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ድቡልቡል ለዚህ የሚያመች ሆኖ ስላገኘነው ነው። ከግማሽ ኪሎ ሥጋ 24 ድቡልቡል ይወጣል። ስድስት ነፍስ ባለበት ቤት ለእያንዳንዱ አራት አራት ይደርሳል ማለት ነው። ከድቡልቡሎቹ ውስጥ ፈረሰኛም ክንፍም የለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንድ ልክ ነው። የእናትየዋም አራት ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተቆጥሮ ይወጣል።

ድቡልቡሉና ስሙ

የተፈጨ ሥጋን አድቦልቡሎ ማብሰል የአንድ አገር ብቻ ሙያ አይደለም። ጣሊያኖች ፖልፔቴ ይሉታል። ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ህንድ ባሉ አገሮች ኮፍታ ወይም ኩፍታ በመባል ይታወቃል፤ ቃሉ የመጣው መውቀጥ ወይም መፍጨት የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል ነው። በእኛም ቤት ቢሆን ያልተለመደ ነገር እንዳይመስለን፤ እናቶቻችን የሽምብራ ዱቄት አቡክተው በዓሣ ቅርጽ እየሠሩ "የሽምብራ ዓሣ" የሚሉትን ወጥ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የተቦካን ነገር ቅርጽ ሰጥቶ፣ ቆጥሮና አካፍሎ ማቅረብን የሚያውቅ እጅ ለዚህም አያንስም።

በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ይህ ምግብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ሥጋ ነው። ተርኪ በአሜሪካ አህጉር የተገኘና መጀመሪያ በሜክሲኮ የለመደ ወፍ ነው። እንግሊዞች በቱርክ አገር ስም ሲጠሩት ፈረንሳዮች የህንድ ዶሮ አሉት፤ ቱርኮችም ራሳቸው "ሂንዲ" ይሉታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ እኅቶቻችን የተርኪ ሥጋ ተፈጭቶና ታሽጎ በየምግብ መደብሩ ስለሚያገኙት ከታች የተጻፈውን ሁሉ በተርኪ ሊሠሩት ይችላሉ፤ መጠኑም ሆነ አሠራሩ አይለወጥም። በእኛ ገበያ ግን ተርኪ ዘወትር የሚገኝ ስላልሆነ የዶሮ ሥጋ ቦታውን ይተካል። ሁለቱም ነጭና ቅባት የሌለው የደረት ሥጋ፣ ጠቆር ያለና ለስላሳ የጭን ሥጋ አላቸው። የደረቱ ብቻ ከተፈጨ ድቡልቡሉ ይደርቃል፤ የጭኑ ሥጋ ሲደባለቅበት ግን ወዝ ያገኛል።

ሥጋውን ስለማዘጋጀት

ከተበለተች በኋላ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል የምትመዝን ዶሮ አጥንቷ ሲለይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሥጋ ይገኝባታል። በቤቱ የሥጋ መፍጫ ካለ ሥጋው አንድ ጊዜ ይፈጫል። መፍጫ የሌለው ቤት ለክትፎ እንደሚደረገው በደንብ በተሳለ ቢላዋ በመክተፊያ ላይ አድቅቆ ሊከትፈው ይችላል፤ ሥጋው ከመከተፉ በፊት ጥቂት በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይ ጠንከር ስለሚል ቢላዋውን አያዳልጠውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አንርሳ። የዶሮዋ ጉበት ለብቻው ተነጥሎ ለአንድ ሰው ከሚሰጥ ከሥጋው ጋር አብሮ ቢፈጭ ጥቅሙ ለሁሉም ይዳረሳል። የዶሮ ጉበት የያዘው የብረት ማዕድን ከሥጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጣዕሙም በ24 ድቡልቡል ውስጥ ስለሚበተን ጉበት አልወድም የሚል ልጅ እንኳ ሳያስተውለው ይበላዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የዶሮ ወይም የተርኪ ሥጋ
የዶሮዋ ጉበት፣ ካለ
አንድ እንቁላል
50 ግራም ያህል ያደረ ዳቦ፣ ቅርፊቱ የተነሣለት
አንድ የቡና ስኒ ወተት፣ ወተት ከሌለ ውሃ
አንድ መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ
ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ
አንድ ትንሽ ካሮት፣ በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ
አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው
ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ
ጥቂት የተወቀጠ ዝንጅብል
አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለቡኮው፣ ሌላ አንድ ማንኪያ ደግሞ ለመጋገሪያው

አሠራሩ

1. ያደረው ዳቦ ተፈርፍሮ በወተቱ ወይም በውሃው ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ ከዚያም በሹካ ተደፍጥጦ እንደ ገንፎ ይሆናል። ዳቦው ለማብዛት ብቻ የሚገባ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ዋናው ሥራው ግን የሥጋውን ውሃ ይዞ ማቆየት ነው። ዳቦ ያልገባበት የዶሮ ድቡልቡል በምድጃ ውስጥ ሲደርቅ ለሕፃን ቀርቶ ለአዋቂም ያስቸግራል።

2. ሽንኩርቱ በአንድ ማንኪያ ዘይት ለጥቂት ደቂቃ ቁሌት ሳይሆን ለስለስ እስኪል ብቻ በድስት ይታሻል፤ ከዚያም እንዲበርድ ይደረጋል። ጥሬውን የገባ ሽንኩርት ውሃ እያወጣ ድቡልቡሉን ይሰነጣጥቀዋል።

3. ሥጋው፣ ጉበቱ፣ የተነከረው ዳቦ፣ እንቁላሉ፣ ሽንኩርቱ፣ ካሮቱና ቅመሙ በአንድ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይደባለቃሉ። ጨው ከገባ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በእጅ ማሸት ይበቃል፤ ሥጋው እርስ በርሱ ተያይዞ በእጅ ላይ መጣበቅ ሲጀምር ማቆም ነው። ከዚህ በላይ የታሸ ሥጋ ሲበስል ይጠነክራል።

4. ቡኮው ተከድኖ ግማሽ ሰዓት በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያርፍ ለማድቦልቦል ይመቻል። የጨውን ልክ ለማወቅ ጥሬውን መቅመስ አይገባም። ከቡኮው አንድ ቁንጥር ተወስዶ በመጥበሻ ከበሰለ በኋላ ይቀመስና የጎደለው ይጨመራል።

5. እጅ በውሃ እየራሰ ትንሽ ሎሚ በሚያህል ልክ ይድቦለቦላል። ሁሉም አንድ ልክ እንዲሆን ቡኮው በቅድሚያ ለአራት እኩል ይከፈላል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ስድስት ስድስት ሲወጣ 24 ይሞላል። እኩልነቱ ለገበታው ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ትልቅና ትንሽ ሆኖ የገባ ድቡልቡል አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል።

6. የመጋገሪያው ምድጃ ወይም ኦቨኑ አስቀድሞ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ዳቦ የምንጋግርበት ፓቴላ ዘይት ይቀባና ድቡልቡሎቹ ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው የጣት ስፋት እየተተወ ይደረደራሉ። 12 ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ተገላብጠው እንደገና ይመለሳሉ። ሁሉም ነገር ሲደመር ከ20 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም።

በድስት ዘይት ውስጥ ከሚጠበሰው ይልቅ የተጋገረው ጥቅሙ ግልጽ ነው። 24 ድቡልቡል ለመጥበስ ብዙ ዘይት ይፈጃል፤ ዘይት ደግሞ በዛሬው ኑሮ ምን ያህል ወጪ እንደሆነ ለቤት እመቤት የሚነገር አይደለም። በተጨማሪም በመጥበሻ ሲሠራ ስድስት ስድስት እየተጠበሰ አራት ጊዜ ያህል ከእሳት ፊት መቆም ያስፈልጋል። በፓቴላ የገባው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበስላል፤ እናትየዋም በዚያ 20 ደቂቃ ልጇን የቤት ሥራ ልታሠራ ወይም ለአፍታ አረፍ ልትል ትችላለች።

መጋገሪያ ምድጃ ለሌለው ቤት

መጋገሪያ ምድጃ ያለው ቤት ጥቂት እንደሆነ ስለምናውቅ ሌላውን መንገድም እንጻፍ። ግርጌው ወፍራም የሆነና ገጣሚ ክዳን ያለው መጥበሻ ወይም ብረት ድስት ዘይት ተቀብቶ ይሞቃል። ድቡልቡሎቹ ይደረደሩና በመካከለኛ እሳት በሁለቱም ወገን አራት አራት ደቂቃ ያህል ይቀላሉ። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ ተደርጎ ይከደንና እሳቱ ተቀንሶ 15 ደቂቃ ይቆያል። በክዳኑ ሥር የሚታፈነው እንፋሎት ውስጡን ያበስለዋል። ድስቱ ጠባብ ከሆነ በሁለት ዙር መሥራት ነው።

የእንጀራውን ምጣድ ለዚህ ሥራ ማዋል ግን አይመከርም። የሥጋ ቅባት የነካው ምጣድ እንጀራ ያጣብቃል፤ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም፤ ጾም የሚጾም ቤተሰብ ደግሞ ምጣዱን መልሶ ለመጠቀም ይቸገራል። ከሰል የሚጠቀም ቤትም ማንደጃውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማኖር እንደሌለበት ደጋግሞ ማሳሰብ ይገባል። የከሰል ጭስ ባይታይና ባይሸትም እንኳ ሰው ይገድላል።

መብሰሉን ስለማረጋገጥ

በእኛ አገር ጥሬ ሥጋ የሚወደድ ምግብ ነው። ክትፎም ለብ ለብ ብሎ ሲበላ የቆየ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቢሆንም ምርጫው ለአዋቂው የተተወ ነው። በዶሮና በተርኪ ሥጋ ግን ምርጫ የለም። በወፎች ሥጋ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ተሕዋስያን በብዛት ስለሚገኙ ለብ ለብ ያለ የዶሮ ድቡልቡል በፍጹም አይበላም። ባልተከተፈ ሥጋ ላይ ተሕዋስያኑ በአብዛኛው ከውጭ ላዩ ላይ የሚኖሩ ሲሆን፣ ሥጋው ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የድቡልቡሉ መሐል እንደ ላዩ መብሰል አለበት።

አስተማማኙ መለኪያ የመሐሉ ሙቀት 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ ነው። የሥጋ ቴርሞሜትር ያላቸው ጫፉን ወደ መሐል ሰክተው ሊያዩ ይችላሉ። የሌላቸው ደግሞ ከሁሉ ትልቅ የሆነውን አንዱን ለሁለት ይሰንጥቁት፤ መሐሉ ከዳር እስከ ዳር ጠጠር ያለ፣ የሚወጣውም ውሃ ደም የሌለበት ንጹሕ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን ሙሉ ምስክር ስላልሆነ ጥርጣሬ ካለ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ መጨመር ይሻላል።

ስለ እጥበቱም አንድ ቃል እንጨምር። ዶሮን በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ማጠብ ከእናቶቻችን የወረስነው ንጽሕና ነው። ሎሚው ጠረኑን ያጠፋል፤ ተሕዋስያኑን አጥፍቶ ይጨርሳል ብሎ መተማመን ግን አይገባም፤ የሚያጠፋቸው እሳት ነው። ሥጋው በኃይል በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ሥር ሲታጠብ ደግሞ ፍንጣሪው በአካባቢው ባለው ሰላጣ፣ ሳሕንና ልብስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በቤት የታረደውን ዶሮ ማጠብ ካስፈለገ በሳፋ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ምግብ ከአጠገቡ ተነሥቶ ይታጠብ፤ ሳፋው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያውና እጅም ወዲያው በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠቡ። ዶሮ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ቃሪያና ቲማቲም እንዳይከተፍበት። ልጆች በማድቦልቦሉ ሥራ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ደስም ይላቸዋል፤ ነገር ግን ጣታቸውን ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ አጠገባቸው ሆኖ መቆጣጠርና በመጨረሻም እጃቸውን በሳሙና ማስታጠብ ይገባል።

በምን ይበላል?

የተጋገረው ድቡልቡል እንዲሁ በዳቦና በሰላጣ ሊበላ ይችላል። በፓስታ ወይም በሩዝ ለሚወዱት አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም በጥቂት ዘይት ተሠርቶ ሱጎ ይዘጋጅና ድቡልቡሎቹ መጨረሻ ላይ ገብተውበት አምስት ደቂቃ ያህል ይንተከተካሉ። እንጀራ ለሚወድ ቤተሰብም በአልጫ መረቅ ወይም በቀይ ቁሌት ውስጥ መጨመር ነው።

ሳይጋግሩ ጥሬውን በቀጥታ መረቅ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ይህም ይቻላል፤ ሆኖም ጊዜ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዝቅተኛ አገር 15 ደቂቃ የሚበቃው ቅቅል እዚህ ከዚያ በላይ ይወስዳል። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የማብሰያ ሰዓት እንዳለ የሚከተሉ ሁሉ ይህን ቢያስታውሱ ይጠቀማሉ።

የተረፈው አጥንት መጣል የለበትም። ከአንድ ካሮት፣ ከአንድ ድንችና ከሽንኩርት ጋር በሁለት ሊትር ውሃ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢቀቀል ለማግስቱ ሾርባ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከአንዲት ዶሮ ሁለት ማዕድ ይወጣል።

ሥጋ በማይበላበት ቀንም ሙያው አይቋረጥም። ሁለት ብርጭቆ ምስር ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጠሎ ከተደፈጠጠ በኋላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና እስኪያያዝ ድረስ የሽምብራ ዱቄት ይገባበታል። እንደ ሥጋው ተድቦልቡሎ፣ ዘይት ተቀብቶ ይጋገራል።

የልጆች ምሳ ዕቃና አቀማመጡ

ብዙ እናቶች ማታ የተሠራውን ጧት በምሳ ዕቃ ይሰዳሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የበሰለ ሥጋ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ከቤት የወጣ ምሳ ዕቃ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ በቦርሳ ውስጥ ሲቆይ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ይህ ለዶሮ ሥጋ ብዙ ነው። ሙቀት የሚይዝ የምግብ ፔርሙስ ያላቸው ፔርሙሱን በፈላ ውሃ አሙቀው፣ ድቡልቡሉን ከሱጎው ጋር እንፋሎት እስኪያወጣ አፍልተው ቢከቱት እስከ ምሳ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ፔርሙስ ከሌለ ግን ለምሳ ዕቃ ሌላ ምግብ መምረጥ፣ ድቡልቡሉን ለማታው ራት ማስቀረት ይሻላል።

በማቀዝቀዣ ውስጥ ጥሬው የተፈጨ ሥጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መቆየት የለበትም፤ የበሰለው ግን ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ዕረፍቷ እሑድ የሆነ የሥራ ሴት መጠኑን እጥፍ አድርጋ 48 ድቡልቡል ጋግራ ብታስቀምጥ የሰኞንና የማክሰኞን ራት አዘጋጀች ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት ነው፤ ሳይከፈት ከቆየ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። እንደገና ሲቀርብም ለብ ማለቱ አይበቃም፤ ድቡልቡሉ እስከ መሐሉ መጋል አለበት።

ለሕፃናትና ለእናቶች

ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናቱ ጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲጀምር በጤና ባለሙያዎች ይመከራል፤ ሥጋና እንቁላልም ከምግቦቹ መካከል ናቸው። ድቡልቡሉ ለስላሳ ስለሆነ ሥጋ ማኘክ ለማይችል ሕፃን ይመቻል። ነገር ግን ድቡልቡል እንዳለ አይሰጠውም፤ ክብ ነገር ጉሮሮ ይዘጋልና። ለሕፃን በመረቅ ተደፍጥጦ፣ ከፍ ላለው ሕፃን ደግሞ ተቆራርጦ ይቅረብ። ለሕፃኑ የሚሆነው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ተነሥቶ ለብቻው ቢሠራ የተሻለ ነው።

ወደ እናቲቱ ስንመለስ፣ ሴት በየወሩ በወር አበባ ደም ስለምታጣ የሚያስፈልጋት የብረት ማዕድን ከወንድ ይበልጣል። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ19 እስከ 50 ዓመት ለምትገኝ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ሲመድብ ለወንድ 8 ሚሊ ግራም ይመድባል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ወደ 27 ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ በገበታ ላይ ያለው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው ማለት ነው፤ ከሁሉ አብልጣ የሚያስፈልጋት ሰው ከሁሉ በመጨረሻና ከሁሉ አሳንሳ ትበላለች። ድካሙ፣ የራስ ማዞሩና የፊት መገርጣቱ ሲመጣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ያለ ምልክት ያላት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ብትመረመር መልካም ነው፤ አራት ድቡልቡል መድኃኒት አይተካም። ሆኖም በገበታ የሚጀመር ነገር አለ።

ሥጋ በውስጡ ካለው ብረት ሌላ፣ አብሮት በተበላው በእንጀራና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ከሰውነት ጋር እንዲዋሃድ ያግዛል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ በያዙት ቫይታሚን ሲ የተነሣ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በተቃራኒው ከገበታ እንደተነሡ የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱ እንዳይዋሃድ ስለሚያግድ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። የቡናውን ሥርዓት ማንም አይከለክልም፤ ጥቂት መዘግየት ግን ዋጋ የማይጠይቅ ጥቅም ነው።

አከፋፈሉ

ድቡልቡሉ ሲወጣ በትሪ መሐል ተከምሮ መቅረብ የለበትም። እጁ ፈጣን የሆነው ስድስት ሲያነሣ እጇ ሥራ የያዘው እናት ሁለት ትደርሳታለች፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ድሮው ይመለሳል። በየሰው ሳሕን ወይም በእንጀራው ላይ በየሰው ፊት አራት አራት ተቆጥሮ ይቀመጥ። ገና ከሥራ ያልተመለሰ ሰው ድርሻው ተከድኖ ይቆየው። ስምንት ሰው ከሆነ ሦስት ሦስት ይደርሳል፤ እንግዳ ድንገት ቢመጣም ከሁሉም ፊት ይዋጣል እንጂ ከእናቲቱ ፊት ብቻ አይነሣም። በአንድ ቤት የምትኖር የቤት ሠራተኛም ከቆጠራው ውስጥ ልትገባ ይገባል፤ ያበሰለች እጅ ከምግቡ ልትለይ አይገባምና።

ቆጠራውን የሚያውቀው እናቲቱ ብቻ ከሆነ ግን አሁንም የራስዋን አሳልፋ መስጠቷ አይቀርም። ስለዚህ የመቁጠሩ ሥራ ለአባወራው ወይም ለታላቁ ልጅ ይሰጥ። ሃያ አራት ለስድስት ሲካፈል ስንት እንደሆነ በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፣ ሒሳቡን በገበታ ላይ ሲሠራው እናቱንም ከስድስቱ አንዷ አድርጎ መቁጠርን አብሮ ይማራል። እናቲቱም ድርሻዋ ሲቀርብላት "ለልጆቹ ስጡልኝ" ሳትል፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጣ አራቱንም ትብላ።